«ደህና ነኝ» ሲሉን

ዛሬ የማወራው ስለ ቤት አቮት ነው፣ በተለይ ስለ መጨረሻዎቹ ወራት። ከባድ ርዕስ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ የነርስነት ተማሪ ነኝ፣ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቂርያት ማላኪ ነው። አማርኛዬ ግማሹ ከአያቴ፣ ግማሹ ከትምህርት ቤት ስለሆነ ዕብራይስጥ ጣልቃ ቢገባብኝ ታገሡኝ።

በእኛ ዘንድ እናትን ቤት አቮት ማስገባት ነውር ነበር። ጎንደር ገጠር ውስጥ ሽማግሌ የሚጦረው በልጅ ልጆቹ መሀል ነው። ግን እዚህ፣ ገደራም ሆነ ያቭኔ፣ ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋ የያዘች እናት አለች፣ ልጆቿ ደግሞ በፈረቃ ይሠራሉ። ቢቱዋህ ሌኡሚ በሲዑድ የሚሰጠው የተቆጠረ ሰዓት ነው። ከአልጋ የማትነሣ ሰው ግን ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባት፣ ካልሆነ ገላዋ ይቆስላል። ስለዚህ ያስገባ ሰው ላይ አልፈርድም። እኔን የሚያሳስበኝ ከገቡ በኋላ ያለው ነው።

በሕመም እንጀምር። ነርሷ መጥታ «ከ0 እስከ 10፣ ሕመምሽ ስንት ነው?» ትላለች። አያቶቻችን ምን ይላሉ? «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ወረቀቱ ላይ 0 ይጻፋል፣ አለቀ። እንደኛ ጨዋነት እኮ ለእንግዳ ሰው የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው! ደግሞ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ሕመምን በቁጥር ንገረኝ ማለት እንግዳ ነገር ነው።

ልምምድ የሠራሁበት አንድ ቤት ውስጥ አንዲት እናት «ልቤን፣ ልቤን» ይሉ ነበር። «ሌቭ» ተብሎ ተተረጎመ፣ የልብ ምርመራ ተነሣ፣ ንጹሕ ሆነ፣ ተተወ። በአማርኛ ግን «ልቤን አቃጠለኝ» ማለት ጨጓራም ሊሆን ይችላል፣ ሐዘንም ሊሆን ይችላል። በስተመጨረሻ የጠየቀቻቸው አማርኛ የምትችል የጽዳት ሠራተኛ ናት፦ «እማማ፣ በእጅዎ ያሳዩኝ፣ የቱ ጋ ነው?» እጃቸው የሄደው ጨጓራቸው ላይ ነው። ለካ እህል የዘጋቸው እሱ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ!

የመርሳት በሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚጠፋው በኋላ የተማሩት ዕብራይስጥ ነው። ሰላሳ ዓመት ዕብራይስጥ ያወራ ሰው ወደ አማርኛው ወይ ወደ ትግርኛው ይመለሳል። ለእንደዚህ ያለ ሰው ፔይናድ የሚባል መለኪያ አለ፣ መናገር አይጠይቅም። አምስት ነገር ታያላችሁ፦ ትንፋሹን፣ ማቃሰቱን፣ ፊቱን፣ የሰውነቱን ሁኔታ፣ ስታባብሉት መረጋጋቱን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ ሲደመር እስከ 10። የእናታችሁን ፊት ከእናንተ በላይ የሚያነብ የለም፣ ያያችሁትን ለነርሷ ንገሯት። ሞርፊን ሲባልም አትደንግጡ። በትንሹ ተጀምሮ በልክ ሲሰጥ ሕመምንም የትንፋሽ ጭንቀትንም ያቀላል። ሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ማለስለሻ አብሮ መታዘዙን ግን ጠይቁ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ ወደ ተርጓሚዎቹ ልጆች። ከስምንት ዓመታችን ጀምሮ ኩፓት ሆሊም ውስጥ ስንተረጉም ኖረናል፣ አይደል? ሐኪሙ «የቀራት ወራት ነው» ይላል፣ ልጅየው ዞር ብሎ «ትንሽ ደክመሻል፣ ትድኛለሽ ይልሻል» ይላል። ይገባኛል። መርዶ በእኛ ወግ ጊዜና ሰው ተመርጦ፣ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ኮምፒውተር እያየ አይናገረውም። ሆኖም በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ መረጃው የታካሚዋ ነው ይላል፤ ሐኪም ሊደብቅ የሚችለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድለት ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ደግሞ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው በቋንቋው ተደራሽ ማድረግ አለባቸው። ስለዚህ ተርጓሚ ጠይቁ። ከ1998 ጀምሮ በማኅበረሰባችን ጤና ላይ የሚሠራ ጤና ብሪዑት የሚባል ድርጅትም አለ።

እኔ የምለው፣ አእምሯቸው ሳይደክም እራሳቸውን እንጠይቃቸው፦ «አባባ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ ይነገር?» ለልጄ ካሉም የእሳቸው ምርጫ ነው። እነዚህ ሰዎች በሱዳን መንገድና በኡም ራኩባ መጠለያ ሬሳ የቀበሩ ናቸው፣ ወደ 4,000 ወገን ያለቀበት ጉዞ ነው። ሞት ሲነሣ የምንፈራው እኛ እንጂ እነሱ አይመስሉኝም።

ሕጉን ባጭሩ፦ በ2005 ወጥቶ በ2006 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለ «ሊሞት የተቃረበ ታካሚ» የሚባል ሕግ አለ። ቢታከምም ከስድስት ወር በላይ አይኖርም የተባለን ሰው ይመለከታል። ማንም ከ17 ዓመት በላይ የሆነ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ አስቀድሞ መጻፍ ይችላል። ሐኪም ወይም ነርስ ያስረዳዋል፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል፣ ለአምስት ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ልብ በሉ፣ የመተንፈሻ ማሽን አንዴ ከተገጠመ ሕጉ ንቀሉት አይልም፣ ቋሚ ሕክምና ነውና። እንደ ዳያሊሲስ እየተቋረጠ የሚሰጠውን ግን አለመድገም ይቻላል። ስለዚህ ወሬው ከማሽኑ በፊት ነው መሆን ያለበት፣ ሌሊት ካፕላን ኮሪደር ላይ ቆሞ አይሆንም። አእምሮ ከደከመ በኋላ ደግሞ ፊርማ የለም።

ስለ ዞንዳ ሳልናገር አላልፍም። እናት መዋጥ ሲያቅታት «በረሃብ ልትሞት ነው» ብለን በአፍንጫ ቱቦ እናስገባለን። እንግዳ በባዶ ሆዱ የማይሸኝ ሕዝብ ስለሆንን ያማል። ነገር ግን የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በ2014 የመርሳት በሽታ ለጠናበት ሰው ቱቦውን አልመከረም፣ በእጅ ቀስ አድርጎ ማጉረስን ነው የመከረው። ቱቦው ዕድሜ እንደሚጨምር ወይም ምግብ ወደ ሳንባ መግባቱን እንደሚከላከል አልታየም። ማጉረስ ደግሞ ከእኛ በላይ ማን ያውቅበታል? ሳይጓጉል በደንብ የተሠራ አጥሚት ለብዙዎች ከውሃ ይልቅ ለመዋጥ ይቀላል። ግን የመዋጥ ባለሙያዋን (ክሊናኢት ቲክሾሬት) ውፍረቱን አሳይታችሁ አስፈቅዱ፣ ስታጎርሱም ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ይቆምና ይመለሳል፣ ጉሮሮ ውስጥ ድምፅ ይሰማል። ለሚያይ ሰው ያስፈራል፣ ታማሚው ግን ብዙውን ጊዜ አይሰማውም። ከንፈር በእርጥብ ጥጥ ይታበሳል። መስማት ኋላ የሚቀር ስሜት ነው ስለሚባል፣ አጠገባቸው ሆናችሁ ስለ ሂሳብና ስለ ቤቱ ቁልፍ አትጨቃጨቁ። በነርሶች ጣቢያ ፋይላቸው ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አስጽፉ፦ ቄስ መጥተው እንዲጸልዩላቸው ይፈልጉ እንደሆነ የቄሱን ስልክ፣ እና ሌሊት ቢያርፉ መጀመሪያ የሚደወለው ለማን እንደሆነ። መርዶ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ይሁን፣ ብቻዋን ለምትተኛው እህታችሁ አይደወል።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ። ሻባት ሻሎም።