የደሞዝ ጣሪያው ሲወሰን ተጫዋቹ የት ነበር?

አቅራቢ 1፦ ነሐሴ 2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችንና የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ከጀውሃ ወይ ከሸዋ ሮቢት ለሚነሳ ልጅ ይህ ትንሽ ነው እንዴ?

አቅራቢ 2፦ ትንሽ አይደለም፣ ወንድሜ። ግን ግብር ይቆረጥበታል፤ የኳስ ዕድሜም አጭር ነው፤ ጉልበቱ ከከዳው በቃ። እኔን የሚቆጨኝ ግን ውሳኔው የከፋዮቹ ብቻ መሆኑ ነው።

አቅራቢ 1፦ ክለቦቹ እኮ አብዛኞቹ የሚኖሩት በመንግሥት በጀት ነው። ያ ብር የሕዝብ ነው፤ ውሃም መንገድም ይጠብቀዋል።

አቅራቢ 2፦ እሱስ እውነት ነው። ልጓም አይኑር አላልኩም። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤም የደሞዝ ጣሪያ አለው፤ የሚወሰነው ግን የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር ተደራድረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አልስማማ ብለው ሊጉ ተዘጋ፤ በዚያ የውድድር ዘመን እያንዳንዱ ቡድን ከ82 ጨዋታ 66 ብቻ ተጫወተ። መጨረሻ ላይ ከገቢው ግማሽ ያህሉ ለተጫዋቾች ሆነ።

አቅራቢ 1፦ የእኛ ክለቦች ምን ገቢ አላቸውና ይካፈላሉ?

አቅራቢ 2፦ በ2013 ዓ.ም. የዲኤስቲቪ የቴሌቪዥን ስርጭት ገንዘብ መምጣት ጀመረ። ሂሳቡ ይገለጥ፣ የተጫዋቾች ማኅበርም ይቀመጥበት። ልጁም ውሉን አንብቦ ይፈርም፤ ቅጂውን ሳይዝ ከቢሮ አይውጣ። ደሞዝ ሲዘገይ የሚከራከረው በዚያች ወረቀት ነው።