ዜማና ራስን ማወቅ
በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከኦሎምፒክ ጎዳና እስከ ፒኮ ጎዳና ያለው የፌርፋክስ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ። በዚያ የሚያልፍ ሰው የእንጀራውን ማዕድ፣ የቡናውንና የዕጣኑን መዓዛ ያገኛል። በዚህች ከተማ የተወለደ ልጅም የወላጆቹን ሀገር አስቀድሞ የሚያውቀው በጉርሻና በቡና ነው፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ አድጎ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ማዕዱ ብቻውን መልስ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ለልጆቿ ካስቀመጠችው መልስ አንዱ ዜማ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚተርከው፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ የመምህሩን የጌዴዎንን ቅጣት ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተጠለለ። በዚያም ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር፣ ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ሲወጣ አየ፤ ወደ መምህሩም ተመለሰ። ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለቤተ ክርስቲያን ያበረከተው ሊቅ አስቀድሞ ያወቀው የገዛ ድካሙን ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ራስን ማወቅ ራስን ማድነቅ አይደለም፤ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ጉድለቱንም ጸጋውንም መመርመሩ ነው። ፊደል መለየት አቅቶት ቅዳሜ ቅዳሜ በኀፍረት የሚያቀረቅር የሎስ አንጀለስ ልጅ ይህን ታሪክ ሊሰማ ይገባዋል።

የዜማ ትምህርት ይህን ምርመራ በተግባር ያስለምዳል። በድጓው ፊደላት ላይ የሚጻፉት ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የተባሉት ምልክቶች ግን ያለ መምህር አፍ አይናገሩም። ተማሪው አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ ይላል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ እንደገና ይላል። በማኅሌትም ቀኝና ግራ ሆነው ሲቀባበሉ ተራውን መጠበቅን፣ ድምፁን ከወንድሙ ድምፅ ጋር ማስማማትን፣ ከበሮውንና ጸናጽሉን ሰምቶ መንቀሳቀስን ይማራል። ብቻውን ጎልቶ ሊሰማ የሚሻ ልጅ ያን ጊዜ ራሱን ይታዘባል።

በገና ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በገና የቅዳሴና የማኅሌት መሣሪያ አይደለም፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም በቤት ውስጥ ለብቻ ጸሎትና ተመስጦ ይደረደራል። መምህራን አሥሩን አውታሮች በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል። በእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው ትንሽ ቆዳ ያን የሚያስገመግም ድምፅ ታወጣለች፤ ቦታዋን ጥቂት ከሳተች ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ ደርዳሪው ከመደርደሩ በፊት ብዙ ጊዜ ተቀምጦ አውታር ይቃኛል። ስልኩ በየደቂቃው ለሚጠራው ወጣት ይህ ዝምታ ራሱ ትምህርት ነው። ታዋቂው የበገና መምህር ዓለሙ አጋ በእንጦጦ ገና ልጅ ሳሉ ይህን ጥበብ የተማሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነበር። በገና የሚተላለፈው እንዲህ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ ነው።

ክቡራን ምእመናን፤ በስደት ሀገር ይህን ትምህርት የሚፈታተኑት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ልጆች መዝሙርን በላቲን ፊደል ጽፈው ማጥናታቸው ነው። ለመነሻ ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ አበራ ማለት ሲሆን፣ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ደግሞ ይቅር አለ ማለት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ብርሃንና ሌብነት፣ ትምህርትና ምሕረት አንድ ይሆናሉ። የሚለውን የማያውቅ ልጅ ድምፁን ያሳምር ይሆናል እንጂ ዜማው ልቡን አይመረምርለትም።

ሁለተኛው ትምህርቱ ለበዓል ትርኢት ብቻ መሆኑ ነው። ጥምቀት ወይም ትንሣኤ ሲቀርብ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ነጭ ይለብሳሉ፣ ይዘምራሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ በማግስቱ ይበተናሉ። ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ልጁ ግን የተማረው መታየትን ነው። ሦስተኛው ደግሞ የወላጅ አለመኖር ነው። ልጁን ከበር አውርዶ የሚመለስ ወላጅ ሳያውቅ «ይህ ላንተ እንጂ ለእኔ አይደለም» ብሎ ያስተምረዋል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ፊደል ከዜማ አይለይ፤ ልጁ ትርጉሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሳይረዳ ወደ ሌላ መዝሙር አይለፍ። በስልክ የተቀረጸ ድምፅ ለልምምድ ይጠቅማል፤ የመምህርን ጆሮ ግን አይተካም፤ ስሕተትን ሰምቶ የሚያርም መምህር ነውና። በዓል በሌለበት ሳምንትም ትምህርቱ ይቀጥል። ከሥራ ደክመው መጥተው የሚያስተምሩትን ካህናትና መምህራን ደብሩ በጊዜም በኑሮም ያግዛቸው። እናትና አባትም ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው አብረው ይሳሳቱ፣ አብረውም ይታረሙ።

ይህን ደብር ያቆሙት ምእመናን ከሀገራቸው ሲወጡ ድጓውን በሻንጣ ባይዙት እንኳ ዜማው በጆሯቸው ነበረ። ልጆቻቸው ግን ያ ጆሮ አብሯቸው አልተወለደም፤ ሊሰጣቸው ይገባል። ከዓመታት በኋላ ከእነርሱ አንዱ ከዚህች ከተማ ርቆ፣ ብቻውን በተከራየው ክፍል ውስጥ ልቡ ሲጨነቅ፣ ማንም ሳያዘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢያዜምና የማን ልጅ እንደሆነ ቢያስታውስ፣ የዛሬው በዓል ያን ጊዜ ፍሬ አፈራ ይባላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።