ሰንበትና ስግድ በቤተ እስራኤል

ቅዳሜ በሬ ለማይጠምድ የጎጃም ገበሬ የዛሬው ርዕሳችን እንግዳ አይሆንበትም፤ የአይሁድ እምነት በጎንደሮቹ ቤተ እስራኤል ዘንድ።

መሠረቱ አንድ አምላክ ነው። መሲሑ ገና አልመጣም ይላሉ። መጽሐፋቸው ኦሪት ነው፤ ቄሶቻቸው የሚያነቡትም የሚጸልዩትም በግእዝ ነው።

ሰንበታቸው ጥብቅ ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምግቡ በስሎ፣ ገላ ታጥቦ፣ ልብስ ተቀይሮ ማለቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ እሳት አይነድም፤ ቡና እንኳ አይፈላም። (ለቡና ወዳጅ ይህ ከጾም ሳይከብድ አይቀርም።) ወንድ ልጅ በስምንተኛ ቀኑ ይገረዛል፤ ይህማ እኛም ዘንድ አለ። በፋሲካቸው ሰባት ቀን እርሾ የነካው አይቀመስም፤ ቂጣ ብቻ ነው።

የራሳቸው መለያ ግን ስግድ ነው። ከማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ጾመው ተራራ ይወጣሉ። ቄሶች ኦሪቱን ያነባሉ፤ ሕዝቡ ይሰግዳል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስም ይለምናል። ከሰዓት በኋላ ወርደው ጾሙን ይፈታሉ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጓጓዙ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮም ስግድ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው።