የካርቱም ምሩቃንና የቀጣሪዎች ጥያቄ

ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር




ከመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ከድርጅት ባለቤቶች ዘወትር የሚሰማ አንድ ወቀሳ አለ። ይኸውም ዲግሪ ይዞ የሚመጣው ወጣት ትምህርቱን ቢያውቅም እንኳ አንድ ደብዳቤ አሰናድቶ መጻፍ፥ የሠራውንም ሥራ በሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት ይሳነዋል የሚል ነው። ወቀሳው የአንድ ሀገር ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ከጎረቤት ከተማ ከካርቱም የበለጠ አስተማሪ ምሳሌ በቅርብ አይገኝም። በዚያች ከተማ ከመቶ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የትምህርቱ ቋንቋ ተለዋውጧል፤ የቀጣሪውም ፍላጎት እንዲሁ ተለዋውጧል፤ ሁለቱ ተስማምተው የሄዱበት ዘመን ግን አጭር ነው።

የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲከፈት (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተማረውን ሰው ዋናው ቀጣሪ መንግሥት ነበር። የመጀመሪያው የትምህርት ዲሬክተር ጄምስ ኩሪ ያወጡት ዕቅድ የእጅ ባለሙያዎችንና በመንግሥት ዝቅተኛ ሥራ የሚያገለግሉ ጥቂት የተማሩ ሰዎችን ማዘጋጀት፥ ሕዝቡም የአስተዳደሩን አሠራር ለመረዳት የሚበቃ ትምህርት እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። ስለዚህ ተማሪው የሚጠብቀው ወንበርና በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚጽፈው ጽሑፍ አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

ይህ መስማማት ግን የራሱ አደጋ ነበረው። በ1931 በዓለም ላይ በደረሰው የኢኮኖሚ ችግር ምክንያት መንግሥት የአዲስ ምሩቃንን መነሻ ደመወዝ ከ8 የግብጽ ፓውንድ ወደ 5.5 ባወረደው ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ሥራ ማቆም አደረጉ። በአንድ ቀጣሪ ልክ ብቻ የተሰፋ ትምህርት ቀጣሪው ሲታመም አብሮ መታመሙ አይቀርም። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚሁ ጸሐፊ ይሆኑ ዘንድ የተማሩ ሰዎች በ1938 የምሩቃንን ጠቅላላ ጉባኤ አቋቋሙ፤ በ1942ም ሱዳን ዕድሏን በራሷ ትወስን ዘንድ የሚጠይቅ ባለ 12 ነጥብ ማስታወሻ ለገዥው መንግሥት አቀረቡ። መጻፍን ያስተማራቸው ቀጣሪ ለዚህ ብሎ እንዳላስተማራቸው ግልጽ ነው። እንግዲህ ቋንቋ ለቀጣሪ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ ትምህርት አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ኮሌጁ በ1951 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ ሱዳን ነጻ በወጣች በ1956 ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መሰጠቱን ቀጠለ። ይሁን እንጂ በ1965 በሰሜኑ ክፍል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በዐረብኛ እንዲሆን ስለ ተወሰነ፥ ተማሪው በአንድ ቋንቋ ተምሮ በሌላ ቋንቋ ወደሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ መግባት ግድ ሆነበት። በ1990 ደግሞ መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርት በዐረብኛ ይሁን ብሎ አዘዘ፤ በዚያው ጊዜ በብዙ አውራጃዎች አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ።

ለዚህ ውሳኔ የቀረበው ምክንያት እንደ ከንቱ የሚጣል አይደለም። ሰው በሚገባው ቋንቋ ሲማር ነገሩን ከቃል ይልቅ በልቡ ይይዛል። ጉድለቱ የመጣው ከአፈጻጸሙ ነው። መጻሕፍቱ ሳይተረጎሙ፥ በእንግሊዝኛ የተማሩት መምህራን ሳይሰናዱ፥ እንግሊዝኛም እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በሚገባ ሳይጠናከር ለውጡ ቀደመ። ወዲያውም የሥራው ገበያ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ሱዳን ከ1999 ጀምሮ ነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ ትልክ ጀመር፤ ከእስያ የመጡ ኩባንያዎችም መሐንዲሶችን ፈለጉ። በ2005 የተፈረመው የሰላም ስምምነት እንግሊዝኛን ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አደረገው፤ የተባበሩት መንግሥታት ልዑካንም መጥተው ሠራተኛ ቀጠሩ። ስለዚህ በዐረብኛ የተመረቀው ወጣት ለቅጥር ሲቀርብ በእንግሊዝኛ ይጠየቅ ነበር።

ይሁን እንጂ «እንግሊዝኛው ደከመ» ብሎ ማቆም ጉዳዩን በግማሽ ማየት ነው። የሱዳን ልጅ በቤቱ የሚናገረው የዕለት ተዕለቱን ዐረብኛ ወይም ቤጃን፥ ኑብኛን፥ ፉርን ነው፤ ለመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የሚያስፈልገው ዐረብኛ ግን በትምህርት ቤት የሚገኝ ነው። በዚህኛውም ቢሆን ሐሳቡን በቅደም ተከተል ማስፈር ያልለመደ ሰው ቋንቋው ስለ ተለወጠለት ብቻ ጥሩ ጸሐፊ አይሆንም። ቋንቋን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በቋንቋ መሥራት ደግሞ ሌላ ነው።

ለዚህ የዐብደላ አል ጠይብ ሕይወት ጥሩ ምስክር ነው። እኒህ ሰው በ1921 ተወልደው በጎርደን ኮሌጅ ተማሩ፤ በ1950 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ተቀበሉ፤ በኋላም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆኑ። በጥንታዊው የዐረብኛ ግጥም ሊቅ የነበሩት እኒሁ ምሁር ቁርኣንን በሬዲዮ ሲተረጉሙ የተናገሩት ግን ተራው ሰው በሚሰማው የሱዳን አነጋገር ነበር። የሚሰማውን ሰው ማን እንደ ሆነ አውቆ መናገር ይህ ነው።

ቀጣሪውም በእውነት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በገዚራ የመስኖ እርሻ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ የውሃውን ተራ ለገበሬው በገበሬው አነጋገር ማስረዳት አለበት፤ ማታ ደግሞ የቦዩን ብልሽት ለአለቃው በግማሽ ገጽ መጻፍ አለበት። ነገሩን በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያስታውቅ ደብዳቤ፥ የተነገረውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የያዘ ቃለ ጉባኤ፥ የታካሚውን ቃል በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሐኪም፤ እነዚህ ሁሉ በሰዋስው ፈተና ብቻ አይመዘኑም።

በኢትዮጵያም ሁኔታው ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ሕፃኑ የመጀመሪያውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጀምራል፤ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በመጨረሻም በአማርኛ ወይም በክልሉ የሥራ ቋንቋ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይታዘዛል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ምሩቁ ትምህርቱን ማወቁን ይለካል፤ ነገር ግን ትክክለኛውን መልስ መምረጥና ያንኑ መልስ አብራርቶ መጻፍ አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ኃላፊነቱ በሦስት ወገን ይከፈላል። የትምህርት ባለሥልጣኖች የማስተማሪያውን ቋንቋ በሚለውጡበት ጊዜ መምህሩንና መጽሐፉን ከትእዛዙ ያስቀድሙ። ቀጣሪዎች ለአዲሱ ሠራተኛ የጥሩ ጽሑፍ ምሳሌ ያሳዩት፤ ሥራው የማይፈልገውንም እንግሊዝኛ የመግቢያ በር መዝጊያ አያድርጉት። መምህራን ደግሞ፥ የፊዚክሱም ሆነ የታሪኩ፥ ሁሉም የቋንቋ መምህራን መሆናቸውን ይወቁ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ላለበት መምህር የሁሉን ደብተር በየሳምንቱ ማረም ከባድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ተማሪዎቹ በሳምንት አንዲት አጭር አንቀጽ ጽፈው እርስ በርሳቸው ቢተራረሙ፥ መምህሩም በየተራ አሥሩን ብቻ ቢያይ፥ ምንም ካለመጻፍ እጅግ ይሻላል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ጉዳት ደረሰበት፤ መምህራኑና ተማሪዎቹም ወደ ግብጽ፥ ወደ ኡጋንዳ፥ በመተማም በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተበተኑ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍታቸውን ትተው ወጥተዋል። በባዕድ ሀገር ራሱን ለማስተዋወቅና ሥራ ለመጠየቅ ለተገደደ ሰው ጥርት አድርጎ መናገርና መጻፍ ምን ያህል ስንቅ እንደ ሆነ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህን ስንቅ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቋጥሮ መስጠት የመምህር ድርሻ ነው፤ ሥራውም የሚጀመረው በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በአንደኛ ክፍል ነው።