ዜማው ሲወደድ ባለቤቱ አይረሳ
(በማክሰኝት ለቀድሞ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ ለዓለም አሰማ። ስሙ አብሮ ስለተጻፈ፣ ዜማውን የወደደ ሁሉ ባለቤቱን ፈልጎ አገኘው። በእኛ ማስታወቂያስ? ለሳሙናውም ለስልኩም ማሲንቆ ይመታል፤ የመቺውን ስም ግን ማን ይነግረናል? «አዝማሪ» የሚለው ቃልማ ስንቴ ስድብ ሆኗል!

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የጂፕሲ ጃዝ ፈር ቀዳጅ የጃንጎ ራይንሃርት ወገኖች፣ ሮማዎቹም፣ ዜማቸው እየተወደደ እነሱ ሲናቁ ኖረዋል።

እኛ ሐኪሞችም ለክትባት ቅስቀሳ አዝማሪ እንጠራለን። ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ እናቶችን ቆም አድርጎ የሚያሰማቸው የእሱ ግጥም ነው። እንግዲያው እንደ ባለሙያ እንክፈለው፤ በቀረጻውም ላይ ስሙን እንጥራ።