ስሟ በሳሕኑ ግርጌ
ስለ ሸክላ ሠዓሊዋ ስለ ክላሪስ ክሊፍ የተነገረ ንግግር



በገበታ ላይ የቀረበ ሳሕን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሲሰበር ነው። መብሉ ይመሰገናል፤ ያበሰለችውም ትመሰገናለች፤ ሳሕኑን ያበጀው ሰው ግን ስሙ አይነሣም። ዛሬ የሚተረከው በእንግሊዝ አገር ስሟን በሳሕን ግርጌ ለማስጻፍ ስለ በቃች አንዲት የሠራተኛ ልጅ፣ ደግሞም በዚያው ሳሕን ላይ ቀለሙን ቀብተው ስማቸው ስላልተጻፈላቸው ልጃገረዶች ነው። ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በስታፎርድሺር አውራጃ ስቶክ ኦን ትሬንት የምትባል፣ ስድስት ከተሞች ተጋጥመው አንድ የሆኑባት ከተማ አለች። ከምድሯ ጭቃና የድንጋይ ከሰል ይወጣ ስለ ነበር ሕዝቧ በሸክላ ሥራ የታወቀ ሆነ፤ እንደ ጠርሙስ ሆዳቸው ሰፍቶ አንገታቸው የጠበበ ታላላቅ እቶኖችም ሰማይዋን በጢስ ያጠቍሩት ነበር። ከስድስቱ በአንደኛዋ፣ በተንስታል፣ ክላሪስ ክሊፍ በ1899 ተወለደች። አባቷ በብረት ማቅለጫ ቤት ሠራተኛ ነበረ።

ዕድሜዋ 13 ዓመት ሲሆን ወደ ፋብሪካ ገብታ በዕቃው ከንፈር ላይ ወርቅ መቀባት ተማረች። በዚያ አገር ልማድ ልጃገረድ የያዘችውን አንድ ሙያ ሳትለቅ ከጸናች እጇ ይፈጥናል፤ ደመወዟም ከፍ ይላል። ክላሪስ ግን ወርቁን ካወቀች በኋላ ትታው በብሩሽ መሣልን፣ ቀጥላም ቅርጽ ማውጣትን ተማረች፤ ማታ ማታም በበርዝለም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትማር ነበር። ለጊዜው ገንዘብ ያስቀረባት ይህ አካሄድ በኋላ የሥራው ሁሉ እመቤት አደረጋት፤ የሸክላን ሥራ ከጭቃው እስከ ወርቁ የምታውቅ ሆናለችና። በ1916 በበርዝለም ወደሚገኘው ወደ ዊልኪንሰን ፋብሪካ ተዛወረች፤ ከባለቤቶቹ አንዱ ኮሊ ሾርተርም ብልሃቷን አስተዋለ።

ይህ ፋብሪካ በ1920 ኒውፖርት የሚባለውን ጎረቤቱን ሲገዛ፣ ከቤቱ ጋራ በመጋዘን የተከማቸ ብዙ ነጭ ዕቃ ተረከበ። ዕቃው አሮጌ ነው፤ ልባሱ የተበሳሳ፣ ቅርጹ የተጣመመ ይገኝበታል። እንዲህ ያለውን ነጭ ሳሕን ገዢ ገልብጦ አይቶ ይተወዋል። በ1927 ክላሪስ በዚያው ስፍራ አንድ የሥራ ክፍል ተሰጣት፤ እርሷም ያን የተናቀ ዕቃ ወስዳ በብርቱካን ቀለም፣ በቢጫ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ሸፈነችው። ጕድለቱ ከቀለሙ ሥር ገባ። ስሙንም «ቢዛር» አለችው፤ እንግዳ፣ ያልተለመደ ማለት ነው። ዕቃውን ይዘው የሚዞሩት ሻጮች ማን ይገዛዋል ብለው ተጠራጥረው ነበር፤ ነገር ግን ባለሱቆቹ ደግመው ጠየቁ።

የቀለሙ ድምቀት ምክንያት አለው። ዕቃው አስቀድሞ ተተኵሶ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ልባስ ለብሶ ዳግመኛ ይተኰሳል። ሥዕሉ ከልባሱ በላይ ይቀባና ሦስተኛ ጊዜ በለዘበ እሳት ይገባል፤ በብርቱ እሳት የሚጠፋ ቀይና ብርቱካን ቀለም በዚህ እሳት ይተርፋል። አንዲቱ ልጃገረድ መስመሩን ታወጣለች፤ ሁለተኛይቱ ቀለሙን ትሞላለች፤ ሦስተኛይቱ ዕቃውን በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ አኑራ በብሩሽ ዙሪያውን ቀለበት ታሰምርበታለች። የብሩሹ ፈለግ እንዲታይ ይተዋል፤ የእጅ ሥራ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የተወደደው በ1928 የወጣው «ክሮከስ» የሚባለው አበባ ነው። ሠዓሊቱ ብሩሿን ከታች ወደ ላይ እየሳበች ቅጠለ አበባውን በብርቱካን፣ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ቀለም ታወጣለች፤ ከዚያም ዕቃውን ዘቅዝቃ ቀጫጭኑን አረንጓዴ ቅጠል ትስባለች። ከላይ ቢጫው ቀለበት ፀሐይ፣ ከታች ቡናማው ምድር ነው። ንድፍ አይታተምበትም፤ ሁሉም ከእጅ ነው። በ1929 ስለ ወጣው ሾጣጣ ሲኒ ግን እንዲህ ያለ ምስጋና አይነገርም፤ ጆሮው ሙሉ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የጣት መግቢያ አልነበረውምና፣ ሻይ ጠጪው በሁለት ጣት ቆንጥጦ መያዝ ግድ ሆነበት።

ቀለም ቀቢዎቹ ወደ 70 ደረሱ፤ የሚበዙትም ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ1930 ክላሪስ የፋብሪካው የሥነ ጥበብ ዋና ሹም ሆነች፤ ይህን ያህል ማዕርግ በዚያ ሙያ ለሴት እንግዳ ነበር። በዕቃው ግርጌ «በእጅ የተቀባ» የሚል ማኅተም ከነስሟ ይታተማል፤ የቀባችው እጅ ግን የሌላ ናት። ይህን ሐሰት ነው ማለት ይከብዳል፤ ቅርጹንም ቀለሙንም ያሰበችው እርሷ ናትና፣ የሴትም ስም ገዢን መሳቡ ለብዙዎቹ ልጃገረዶች እንጀራ ሆኗል። ሆኖም ከአበባው አንዱን ቅጠል እንኳ ክላሪስ ያልነካችው ስንት ሳሕን ስሟን ተሸክሞ ወጣ! አንዲት ትንሽ ምልክት ከማኅተሙ አጠገብ ብትጨመር ኖሮ የማንንም ክብር ባልቀነሰች ነበር።

በ1940 ክላሪስ ኮሊ ሾርተርን አገባች። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ሥራውን ሰበረው፤ ከ1942 እስከ 1952 በእንግሊዝ አገር ገበያ ያጌጠ ሸክላ መሸጥ ተከለከለ፤ ልጃገረዶቹም ወደ ጦርነቱ ሥራ ሄዱ። ክልከላው ሲነሣ የሰው ፍላጎት ተለውጦ፣ እጆቹም ተበትነው ነበር። ባልዋ በ1963 ሞተ፤ እርሷም በማግሥቱ ዓመት ፋብሪካውን ሸጠች። በ1972 መጀመሪያ የብራይተን ቤተ መዘክር ዕቃዋን በትርኢት አቀረበ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዐረፈች።

ከዐሥር ዓመት በኋላ የሰብሳቢዎቿ ማኅበር ሲቋቋም፣ በሕይወት የቀሩት ቀለም ቀቢዎች ተፈልገው ተገኙ። ያን ጊዜ አሮጊቶች ነበሩ። ሰብሳቢዎቹም ሥራው እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ከነርሱ አፍ ሰሙ።