ከጄኔቫ እስከ ባልቲሞር

አድማጮቻችን፣ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጄኔቫው የቋንቋ ጥናት መምህር ፈርዲናንድ ደ ሶሱር በ1913 ሲሞት፣ ስመ ጥር ያደረገው መጽሐፍ ገና አልተጻፈም ነበር። ባልደረቦቹ ከተማሪዎቹ ደብተር ለቅመው በ1916 አሳተሙት። ሐሳቡም፦ ቃል ትርጉም የሚያገኘው ከሌሎች ቃላት በመለየቱ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከናዚዎች የሸሹት የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰንና የሰው ልጅ ጥናት ሊቁ ክሎድ ሌቪ ስትሮስ ኒውዮርክ ላይ ተገናኙ። ከሶሱር ሐሳብ የተነሣውን የመዋቅር አስተሳሰብ፣ ስትራክቸራሊዝምን፣ ከቋንቋ ጥናት ወደ ሰው ልጅ ጥናት ያሻገረው፣ በእኔ እምነት፣ ይህ የስደት ወዳጅነት ነው። ሌቪ ስትሮስ ጋብቻንና ዝምድናን፣ ኋላም አፈ ታሪክን እንደ ቋንቋ መረመረ።

በ1966 አሜሪካኖችን ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር ለማስተዋወቅ በባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ተጠራ። እዚያው መድረክ ላይ ወጣቱ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ዣክ ዴሪዳ፣ መዋቅርን አጽንቶ የሚይዝ ማዕከል አለ የሚለውን እምነት ሞገተ። ድኅረ ስትራክቸራሊዝም የሚባለው ይህ ሙግት አሜሪካ የገባው በዚህ በር ነው።